ማርያ ቴሬዛ፤ በብር ላይ የቀሩት ንግሥት

በኢትዮጵያ የገበያ ታሪክ ውስጥ መልካቸው በብዙ እጅ ከተዳሰሰ ነገሥታት መካከል አንዷ አገራችንን ከቶ አይተዋት የማያውቁ የባዕድ አገር ንግሥት ናቸው። ስማቸውን በትክክል የሚጠራ ጥቂት ነበር፤ የየት አገር ሰው እንደ ነበሩ የሚያውቅም ከዚያ ያነሰ ነበር። ነገር ግን ነጋዴው ከምጽዋና ከዘይላ እስከ ጎንደር፣ ከሐረር እስከ ከፋ ድረስ መልካቸውን አገላብጦ እያየ፣ በጉንጫቸውና በመጋረጃቸው ላይ ጣቱን እያሳለፈ ዕቃውን ይሸጥና ይገዛ ነበር። ሕዝቡ ማርትሬዛ ብሎ የጠራው ይህ ብር፣ ዛሬም በመርካቶ የብር ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የብሩን ታሪክ የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ፣ የባለመልኳን ሕይወት የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በተለይ ሒሳብና ገንዘብ የዕለት ተግባሩ ለሆነ ባለሙያ፣ ማርያ ቴሬዛ በብር ላይ ከተቀረጸው መልክ የሚበልጥ ብዙ የሚነገር ነገር አላቸው።

ልደትና ውርስ

ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1717 በቪየና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሀብስቡርግ ቤት አለቃና የቅዱስ ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ፣ እናታቸውም ኤልሳቤጥ ክርስቲና ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1716 በሕፃንነቱ ሞቶ ስለ ነበር፣ ካርል 6ኛ ወንድ ወራሽ ሳያገኙ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1713 ባወጡት የውርስ ድንጋጌ፣ የሀብስቡርግ ግዛት ሳይከፋፈል ለሴት ልጅም ሊተላለፍ እንደሚችል ደንግገው ነበር። ዘመናቸውንም ይህን ድንጋጌ የአውሮፓ መንግሥታት በፊርማቸው እንዲያጸኑላቸው በመደራደር አሳለፉ። ለእያንዳንዱ ፊርማም ዋጋ ከፈሉ።

ልጃቸውን ግን ለመንግሥት ሥራ አላዘጋጇቸውም። ማርያ ቴሬዛ የተማሩት የመሳፍንት ሴቶች ልጆች የሚማሩትን ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ ሙዚቃና የቤተ መንግሥት ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1736 የሎሬኑን መስፍን ፍራንዝ ስቴፋንን አገቡ። አባታቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1740 በድንገት ሲሞቱ፣ የሃያ ሦስት ዓመቷ ወይዘሮ ባዶ ግምጃ ቤት፣ የተዳከመ ጦርና ያረጁ አማካሪዎች ወረሱ። የተፈረሙት ወረቀቶችም ብዙ አልጠቀሟቸውም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የፕሩስያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ጦራቸውን አስከትለው ስሌዝያ ወደምትባለው ሀብታም ክፍለ ሀገር ገቡ። ባቫርያና ፈረንሳይም ተከተሉ። የኦስትሪያ የአልጋ ወራሽነት ጦርነት የተባለው ስምንት ዓመት የፈጀ ጦርነት በዚህ ሁኔታ ተጀመረ።

በዚህ ጭንቅ ጊዜ ወጣቷ ንግሥት ወደ ሀንጋሪያ ፊታቸውን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1741 ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው በፕሬስቡርግ ከተማ የሀንጋሪያን ዘውድ ጫኑ። በመስከረምም የአገሩን መኳንንት በሸንጎ ሰብስበው ርዳታ ጠየቁ። ለሀብስቡርግ ቤት ቂም ይዞ የኖረው የሀንጋሪያ መኳንንትም ወታደር ለመስጠት ተስማማ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1748 በአኽን ስምምነት ሲያበቃ ማርያ ቴሬዛ የአባታቸውን ውርስ አብዛኛውን ክፍል አዳኑ፤ ስሌዝያን ግን አጡ። ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1745 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ስለ ተመረጡ እርሳቸውም እቴጌ ተባሉ። ይሁን እንጂ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት እርሳቸው እንጂ ባላቸው አልነበሩም።

የግምጃ ቤቱ ጥገና

ማርያ ቴሬዛ ከሽንፈታቸው የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነበር። ፕሩስያ ያሸነፈችው ሕዝቧ ስለ በዛ ሳይሆን፣ ግብሯን በሚገባ ሰብስባ በሚገባ ስለምታወጣ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ ከስሌዝያ የመጡትን ካውንት ሃውግዊትስን ሾመው የመንግሥታቸውን ገንዘብ ከመሠረቱ እንዲያደራጁ አዘዙ። ቀድሞ የየአውራጃው መኳንንት በየዓመቱ እየተደራደሩ የፈለጉትን ያህል ይሰጡ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን የግብሩ መጠን ለአሥር ዓመት ተወስኖ፣ አሰባሰቡም በመንግሥት ሹማምንት እጅ እንዲሆን ተደረገ። ዓላማው 108,000 ወታደር ያለው ቋሚ ጦር በዓመት 14 ሚሊዮን ጉልደን እያወጡ ለማቆየት ነበር። ከግብር ነፃ ሆነው የኖሩት መኳንንትና ካህናትም ከርስታቸው እንዲከፍሉ ተደረገ። ይህን የሚቃወመው ብዙ ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን አልተመለሱም።

ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ ማን ይቈጣጠረዋል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ቀጥሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1761 የመንግሥቱን ገቢና ወጪ የሚመረምር፣ ከሚያወጡትና ከሚሰበስቡት መሥሪያ ቤቶች የተለየ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የዛሬው የኦስትሪያ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ትውልዱን የሚቈጥረው ከዚህ ዓመት ነው። ገንዘብ ያዡ ራሱ መርማሪ እንዳይሆን መለየት፣ ዛሬ የሙያችን የመጀመሪያ ፊደል የሆነው ነገር፣ በዚያ ዘመን ገና እንግዳ ሐሳብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1762 ለሰባቱ ዓመት ጦርነት ወጪ እንዲውል በቪየና የከተማ ባንክ አማካይነት የወረቀት ገንዘብ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1754 የሕዝብ ቈጠራ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1774 በወጣው ደንብ ደግሞ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ወንድም ሆኑ ሴት ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1776 በምርመራ ጊዜ ተከሳሽን ማሠቃየት በግዛታቸው ተከለከለ።

የዘመናቸው ሌላ ገጽታ ግን ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1744 መጨረሻ የፕራግን አይሁድ ከከተማይቱ እንዲወጡ አዘዙ፤ በክረምት የተባረሩትም ወደ ቤታቸው ለመመለስ ፈቃድ ያገኙት እስከ 1748 ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ደግሞ ከፕሩስያና ከሩስያ ጋር ሆነው ፖላንድን ተካፈሉ። የራሳቸው ርስት በጉልበት ሲነጠቅ ዓለምን ለፍትሕ የጠሩት ንግሥት፣ የሌላውን ርስት ሲካፈሉ መታየታቸው በታሪካቸው ላይ የቀረ ጥላ ነው።

መጋረጃው

ማርያ ቴሬዛ አሥራ ስድስት ልጆች ወለዱ። ከእነዚህም ለአካለ መጠን የደረሱት አሥሩ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1767 ፈንጣጣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ እርሳቸውን ራሳቸውን ከሞት አፋፍ አድርሷቸው ነበር። የመጨረሻዋ ሴት ልጃቸው ማሪ አንቷኔት የፈረንሳይ ንግሥት ለመሆንና ኋላም በአብዮቱ ለመሞት የበቃችው ናት።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1765 ባላቸው በኢንስብሩክ ከተማ በድንገት ሞቱ። ከዚያች ዕለት አንሥቶ ንግሥቲቱ ጌጣቸውን አስወግደው የኀዘን ልብስ ለበሱ፤ እስኪሞቱም ድረስ አላወለቁትም። ልጃቸውን ዮሴፍ 2ኛን የመንግሥት ተካፋይ አደረጉ፤ እናትና ልጅ ግን በብዙ ነገር አልተስማሙም። ከዚህ ጊዜ በኋላ በተቀረጸው ገንዘብ ላይ የሚታዩት በወጣትነታቸው የታወቁት ጌጠኛ ወይዘሮ ሳይሆኑ፣ ራሳቸውን በመጋረጃ የሸፈኑ ባልቴት ናቸው። በአፍሪካና በዐረብ ገበያ የተሠራጨው መልክ ይህ የባልቴትነት መልክ ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴ በእጁ ሲያገላብጠው የኖረው ብር የአንዲት ሴት ኀዘን ማስታወሻ ጭምር ነበር።

ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በቪየና አረፉ፤ በካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚገኘው የቤተሰቡ መቃብርም ከባላቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ከሞት በኋላ ያልቆመው ብር

በስማቸው የሚጠራው ብር መታተም የጀመረው ገና በነገሡ በሁለተኛው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1741 ነው። ቋሚ መልክ የያዘው ግን ኦስትሪያና ባቫርያ እ.ኤ.አ. በ1753 በክብደትና በጥራት ላይ ከተስማሙ በኋላ ነበር። ብሩ 28 ግራም ከጥቂት የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ የንግሥቲቱ መመሪያ የነበሩት ፍትሕና ርኅራኄ በላቲን ቋንቋ ተጽፈዋል። ይህ ጽሕፈት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ጠርዙን የሚቆርጥ ወይም የሚሞርድ ሌባ ጽሕፈቱን ማበላሸቱ ስለማይቀር ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል። የመልኩም ቅርጽ ጥልቅና ዝርዝር በመሆኑ፣ ብሩ ማለቁን ወይም ሐሰተኛ መሆኑን መሃይም ገበያተኛ እንኳ በዓይኑ ሊለየው ይችላል።

የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የየመንን ቡና ሲገዙ ይህን ብር ይሰጡ ነበር፤ የዐረብ ነጋዴም ከዚህ ሌላ አልቀበልም ማለት ጀመረ። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ የልጃቸው መልክ ያለበት ብር ሲቀርብለት መለሰው። ስለዚህ የኦስትሪያ መንግሥት የሟቿን መልክ፣ በጉንዝቡርግ ከተማ የገንዘብ ቤት የነበሩትን የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ፊደላትና 1780 የሚለውን የመጨረሻ ዓመት እንዳለ ይዞ ማተሙን ቀጠለ። በኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ሕጋዊ ገንዘብነቱ ሲቀር እንኳ ለውጭ ገበያ መታተሙ አልቆመም። በዚህ ምክንያት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ብሮች፣ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ከተማ ቢታተሙም፣ ሁሉም አንድ ዓመት ተጽፎባቸው ይገኛሉ።

ወደ ኢትዮጵያ ብሩ በብዛት የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ሲወጡ ማርትሬዛ ይገባ ነበር። በባርነት የተሸጠ ሰውም የተገዛው በዚሁ ብር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በጠርዙ ላይ የተጻፈው ፍትሕና ርኅራኄ የሰው ዋጋ ሆኖ ከመቈጠር አላዳነውም። ለትንንሹ ግዢ አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የአሞሌውም ዋጋ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። ብር አንጣሪዎችና ወርቅ ሻጮች ደግሞ የብሩን ክብደት ለወቄት መመዘኛ አደረጉት። ስለዚህ ማርትሬዛ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሚዛንም ሆነ። ገበያተኛውም በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቊ ፈርጥ እየቈጠረ፣ ፈርጡ የደበዘዘበትን ይመልስ ነበር።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የመንገዱን ስንቅና አጋሰስ የገዛው ለዚሁ ሲባል ከቪየና ባሳተመው ማርትሬዛ ጭምር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበት ብር እንዲወጣ ባወጁ ጊዜ፣ አንድ ነፃ አገር በባዕድ ንግሥት መልክ መገበያየቱ እንደማይገባ በግልጽ ተረድተው ነበር። በፓሪስ የታተመውና 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበት ይህ ብር፣ ከአላዱ፣ ከሩቡና ከመሐለቁ ጋር ወጣ። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ያህል ነበር። ነገር ግን በተለይ ከዋና ከተማው ርቆ ያለው ገበያተኛ በአዋጅ ብቻ አላመነም። የለመደውን መልክ ፈለገ። የገንዘብ አመኔታ በአንድ ቀን የማይገነባ መሆኑ ለንጉሠ ነገሥቱም ለቀጣዮቹ ባለሥልጣኖችም ትምህርት ሆነ።

የተሰረቀው አመኔታ

የማርያ ቴሬዛ መልክ ትልቁን ፈተና የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የብሩን ማተሚያ ቅርጽና ለሃያ አምስት ዓመት ብቻውን የማተም መብት ወሰደ። በሮማም ማርትሬዛ ማተም ጀመረ። ዓላማውም በወረራው ጊዜ የሕዝቡን ስንቅ፣ ጉልበትና ልብ በለመደው ብር ለመግዛት ነበር። እንግሊዝ ይህን ብቸኛ መብት ሳትቀበል እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደን ማተም ጀመረች። በጦርነቱም ጊዜ በቦምቤይ ታተመ። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል የገባው ጦርም ለአርበኞችና ለጭነት እንስሳት የሚከፍለውን ማርትሬዛ በግመል አስጭኖ ነበር። አንዲት ከሞቱ 150 ዓመት ያለፋቸው ንግሥት በአንድ ጦርነት በሁለቱም ወገን ከፋይ ሆኑ።

ወራሪው አገሩን ከያዘ በኋላ ሊሬን በማርትሬዛ ምትክ ለማስገባት ሞከረ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን ትቶ ብሩን በጋንና በእንስራ አድርጎ ቀበረ። መርካቶ የተመሠረተችው በዚህ ዘመን ነው። በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ በወራሪው ትእዛዝ የአገሬው ሰው ብቻ እንዲገበያይበት ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ ስሟም የኢጣልያንኛ ቃል ሆኖ ቀረ። ሰውን በዘር ለመለየት የተከለለው ቦታ ኋላ የሕዝቡ የራሱ ገበያ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅ በሐምሌ ወር ሥራ ላይ ሲውል፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ብቸኛ ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ማርትሬዛም ከገንዘብነት ወጣ። ምኒልክ የፈለጉት ነገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተፈጸመ። ብዙው ማርትሬዛ ወደ አንጣሪ ምድጃ ገባ። መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦና የጆሮ ጒትቻ ሆነ። የቀረውም በሙሽሮች አንገት ላይ ተንጠለጠለ፣ ወይም በተቀበረበት ቀረ።

በመሬት ውስጥ የቀረው

ዛሬ በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ለሕንፃ መሠረት በሚቆፈርበት ጊዜ፣ ወይም በምድር ውስጥ ያለውን ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ በተያዘበት ቦታ፣ የተቀበረ ብር የማግኘት ምኞት ይነሣል። ምኞቱ የሚገባ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። ማርትሬዛ ሁሉ 1780 የሚል አንድ ቀን ስላለበት፣ ብሩ ለብቻው ስለ ዘመኑ ብዙ አይናገርም። ባለሙያ የዕንቊዎቹን ቁጥርና የንስሩን ጅራት ላባ መርምሮ በቪየና፣ በሮማ ወይም በለንደን መታተሙን ሊለይ ይችላል። መቼ እንደ ተቀበረ፣ ማን እንደ ቀበረውና ለምን እንደ ቀበረው የሚመሰክረው ግን የተገኘበት አፈር፣ የነበረበት ዕቃና አብሮት ያለው ነገር ነው። ከአፈሩ ተነቅሎ ተወልውሎ ለገበያ የቀረበ ብር፣ ደረሰኙ እንደ ጠፋ ሒሳብ ነው፤ ድምሩ አለ፣ ማስረጃው የለም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋ እንዳይካሄድ የከለከለውም፣ በግንባታ ወይም በሌላ ሥራ ላይ እያለ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያስገደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ማርትሬዛ የተባለው፣ ከእርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ለሚቀድሙት የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ይልቁንም ይሠራል። ከእነዚያ ነገሥታት መካከል ስማቸው በገንዘባቸው ብቻ የሚታወቅ አሉ። የእነርሱ አንድ መዳብ ከቦታው ሲጠፋ የሚጠፋው ዋጋው ሳይሆን የአንድ ዘመን ምዕራፍ ነው።

ማርያ ቴሬዛ በሕይወታቸው ሳሉ ከሁሉ የፈሩት ግምጃ ቤታቸው ባዶ ሆኖ ወረቀታቸው የማይታመንበትን ቀን ነበር። ይህን ቀን በወጣትነታቸው አይተውታልና ዘመናቸውን ሁሉ እንዳይመለስ ሠሩ። ግብር አስተካከሉ፣ ሒሳብ መርማሪን ከገንዘብ ያዥ ለዩ፣ የብራቸውን ክብደት ጠበቁ። የመጨረሻው ከሁሉ ትንሹ ሥራቸው ይመስል ነበር፤ ከግዛታቸው ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ግን እርሱ ነው። የሀብስቡርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 ፈረሰ። ብሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 እንደገና በቪየና መታተም ጀመረ። ያቆየው የንግሥቲቱ ግርማ ወይም የጦራቸው ብዛት ሳይሆን፣ አሥር ትውልድ ሙሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ አለመጉደሉ ነው።